ጥላ የሌለው

ነሐሴ ገብቶ፣ ጦሳ ራሱን ሲከናነብ በጉም፣
ኳሳችን ጠፋች፤ አዝዋ ገደል ወርዶ ማን ይቃርም?
በሦስተኛው ቀን፣ በረዶ ካደረበት ሣር ላይ፣
«አገኘኋት!» አለ ሙሄ፣ ነጭ ነገር ሲያይ።
ሮጦ ሊለጋት እግሩን ወደ ኋላ እንደመለሰ
ከእግሩ ቀድሞ የእትዬ ዘምዘም ጩኸት ደረሰ፦
«ተው! ምግብ አይመታም!»

ኳስ አልነበረም።
እንጉዳይ ነው፤ የሕፃን ራስ የሚያህል፣
ግንድ የለው፣ ባርኔጣ የለው፣ ዝም ብሎ የሚውል፤
ሲዳስሱት እንደ ጓንት ቆዳ የሚለሰልስ፣
ሲያንኳኩት ድፍን ያለ ድምፅ የሚመልስ።

«የጅብ ጥላ ነው!» አሉ ጋሽ ደምለው፣ በከዘራ እየጠቆሙ።
ጎረቤቶች አፋቸውን ይዘው ቆሙ።
እሷ ግን በሻርፗ ጠቅልላው ገባች፤
ደጃፏ ላይ፣ እያየናት፣ ለሁለት ከፈለች።
ጎንበስ ብላ አነበበችው፣ እንደ ደብዳቤ፣ ቆይታ፦
«ገዳዩም ልጅ ሳለ ይሄን ይመስላል ላፍታ፤
ሆዱን ስትከፍተው ግን የታጠፈ ጥላ ይታያል።
ይሄ ጥላ የለውም፤ እስከ ልቡ ነጥቷል።»

ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጥቂት ዘይት።
ብቻዋን በላች፤ ድስቱን ጠረገችለት።

እኛ አጥሩ ላይ ተሰቅለን መሞቷን ጠበቅን።
ዙሁር አለፈ።
አስር አለፈ፤ ልብስ አጥባ አሰጣች።
«ተንገዳገደች!» አለ ሙሄ፤
ጫማዋን እያወለቀች ነበር።
መግሪብ ላይ ጋሽ ደምለው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣
«ለመሆኑ... የተረፈ አለ?»

ማን እንዳስተማራት ጠየቋት። እጇ ከድስቱ አልወጣም።
«በዚያ ዘመን፣ ከወረባቦ ስንመጣ፣ የሚቀመስ አልነበረም።
የሚገድለውን ያሳየችኝ እህቴ ናት።
ታላቄ ነበረች።
መቅመስ የታላቅ ነው።»
ከዚያ ውኃ ጨመረች።

በነጋታው ሰፈሩ ፌስታሉን ይዞ ዳገት ወጣ፤
ከጥዱ ሥር አንድ ብቻ፣ የሐምሌ ቅሪት፣ ወዙ የወጣ፣
ቡናማ፣ እንደ አሮጌ ጋዜጣ የቀለለ።
ሙሄ ዘምዘምን አየ፤ እግሩ እንደተንጠለጠለ።
«አሁን ምታው» አለችው፣ «ይሄ መመታት ነው የሚሻ።»

ለጋው።
ጢሱ ቡፍ ብሎ ወጣ፤ ጉሙ ውስጥ ገባ፣
ወደ ሆጤ ይሁን ወደ ሰኞ ገበያ፣ ማን ያውቃል።
የሙሄ እግር እስከ ጉልበቱ ቡናማ ሆኖ ሰነበተ።
ኳሷን እስካሁን አላገኘናትም።