አሥራ ሦስተኛው ወር

አዲሱን ኮምፒውተር ናስር አመጣልኝ፣
ቀጭን ነው፣ ድምፅ የለው፣ ትንፋሹም አልተሰማኝ።
አሮጌው ግን ያጓራል፣ የአዳማን አቧራ
ሃያ ዓመት ሲውጥ ከመቀሴ ጋራ፤
ደረት፣ ትከሻ፣ ወገብ፣ የእጅጌ ርዝመት፣
የሰፈሩ ገላ የተጠራቀመበት፤
ወርዶፋ ሳይወፍር፣ ሙና ሳታረግዝ፣
ሹፌሩ በድሉ ምርኩዙን ሳይዝ።

«እናዛውር» አለኝ፤ ጀመርነው በማታ።
ፊደል ሁሉ ፈረሰ፣ የሳጥን ጋጋታ፤
ፊደሉን ጠገንን፤ መብራት ሄዶ መጣ፤
አራት ሺህ ሰው ገባ ጀንበሯ ሳትወጣ።

አንዲት ቀረች።

ዘቢደር። የሙሽራ ቀሚስ። ወገብ ስልሳ ሁለት።
የተለካችበት ቀን፦ ጳጉሜ አራት።
«ስሕተት» አለ ማሽኑ፣
«አሥራ ሦስተኛ ወር የለም።»

የለም?
በዚህ እጄ ለክቻታለሁ፤
ስትስቅ ሆዷ ሜትሬን ሲገፋው አስታውሳለሁ።
ቀሚሷ ላስቲክ ለብሶ
ዛሬም ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል።

ናስር እያዛጋ፣ «መስከረም አንድ ብለን እንለፋት» አለ።
እንዴት ብዬ?
በመስከረም እወስደዋለሁ ብላኝ ነው የቀረችው።

አዲሱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ፈጣን ነው፣ ጨዋ ነው።
አሮጌውን ግን አላጠፋሁትም፤
እዚያ ጥግ ላይ ያጓራል፣
አንዲት ሴት ብቻ ይዞ።