የደንገል ቋጠሮ

እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ በራሴ እጅ ጽሕፈት፦
«አሥራ ሁለት ቦኖ፣ ሁሉም ውሃ አለበት።»
ማኅተም አሳረፍኩ፣ ሰማያዊ ቀለም፤
ቦኖውን ለማየት የሄደ ሰው የለም።
እኔም አልሄድኩም።
ወሩ ሐምሌ ነበር፣ መንገዱ ጭቃ ነበር፤
ወረቀት ግን ያውቃል፣ ጫማ ሳያወልቅ መሻገር።

በጥቅምት፣ ባሕሩ ሲጠራ፣ ትርንጎ መጣች በጀልባ፣
ከባሕር ዳር፣ ቦት ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ።
ከዋርካው ሥር ቆመች። «ሪፖርቱን አንብቤዋለሁ» አለች፤
ዐይኗ እኔ ላይ ቆየ፣ ወይም እኔ መሰለኝ።
«አሁን ደግሞ እናንተ ቁጠሩ። ሰባት ሰው ምረጡ፣
አይቶ የማይደብቅ፣ ጠይቆ የማያፍር።»

እኛም እንደ ልማዳችን ከፊተኛው ወንበር ጀመርን፦
የቀበሌው ሊቀመንበር፤ የሊቀመንበሩ አማች፤
ገንዘብ ያዡ፤ ከዚያ እኔ፣ እጄ ጽሕፈት ስለሚችል።
እጅ ወጣ፣ እጅ ወረደ፤
ጭብጨባው ሳይሞቅ በረደ።

ፈንቴ ተነሣች፣ ቢጫ ጀሪካኗን ከጀርባዋ ሳታወርድ።
«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ሲሉ እሰማ ነበር፤
ዛሬ ግን የሰፈረው ራሱ ቁናውን ሊይዝ ነው?
እናንተ ቤት ውሃው የሚደርሰው በእኛ ጀርባ ነው።
ጀርባ ይቆጠር፣ ከወንበር በፊት።»

ሳቅ ሆነ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ።
ሊቀመንበሩ ኮቱን አራግፎ ወጣ፣ አማቹም ተከተለው፤
እኔም ልነሣ ስል፣ «አንተ ቆይ» አለችኝ፣
«የዋሸህበትን ቦታ ከሁላችን በላይ ታውቃለህ።»

እንዲህ ነው ቡድን የሆንነው፦
ፈንቴ፤
ስብሰባ አዋኪው እንዳላማው፣ ምሳ ጋብዘው ዝም ሊያሰኙት ያልቻሉት፤
አንጓች፣ ዐይኗ የማያይ፣ ጆሮዋ ግን የውሃን ድምፅ ከነፋስ የሚለይ፤
የስምንተኛ ክፍሏ ሙሉጎጃም፣ አፏን የማትይዝ፤
ገንዘብ ያዡ፣ ደረሰኙን ይዞ ከመጣ ብቻ፤
እና እኔ። ስድስት።

ሰባተኛውን ስንፈልግ ትርንጎ ጠየቀች፦
«አሥራ ሁለተኛው ቦኖ የት ነው?»
ማንም አልመለሰ።
ከደንገሉ ጥግ፣ ከክቡ ውጪ፣
ጀርባውን ሰጥቶን ታንኳ የሚያስር ሰው ነበር፤
ዳውድ፣ ከወይጦዎቹ መንደር።
ዓሣውን እንገዛለን፤ ታንኳውን እንሳፈራለን፤
ለስብሰባ ግን ጠርተነው አናውቅም።
«እኛ ዘንድ ነው» አለ፣ የያዘውን ሳይለቅ።

ሄድን።
የሲሚንቶ መደብ፤ አፍ የሌለው ቧንቧ፤
ልጆች ደንገል ያሰጡበት፣ እንቁራሪት የተጠለለችበት።
ከሐይቁ ሃያ እርምጃ ላይ፣ የሚጠጣ የለም።
ዳውድ ከጎጆው ገመድ አወጣ፣ የደንገል ጉንጉን፤
«ሪባን የተቆረጠ ዕለት ሁለት ባልዲ ሰጠን።
ከዚያ ወዲህ፣ አንድ ሌሊት፣ አንድ ቋጠሮ።»
አንጓች ተቀበለችው። በጣቶቿ አነበበች፤
ፀሐይ ወደ ዘጌ ስታዘነብል
ሦስት መቶ ሠላሳ ላይ ደረሰች።

አዲሱን ሪፖርት በሰባት አውራ ጣት አተምነው፤
ሰማያዊው ማኅተም ከሣጥኑ አልወጣም።
«ሰባቱ ይፈስሳሉ፤ አራቱ ያንጠባጥባሉ፤ አንዱ ድንጋይ ነው።»
ባሕር ዳር፣ መዝገብ ቤት፣ ጸሐፊዋ መነጽሯን ከፍ አድርጋ፣
«ይሄ ገመድ ምንድን ነው?» አለች።
«አባሪ» አልኳት። «ገጹ ሦስት መቶ ሠላሳ ነው።»

መልስ ገና አልመጣም።
ዳውድ አዲስ ገመድ ጀምሯል።
ትናንት አመሻሽ፣ እሱ ለዓሣ ወጥቶ ስለነበር፣
የዕለቱን ቋጠሮ ያሰርኩት እኔ ነኝ።
ደንገል እርጥቡ ይሻላል ለመቋጠር፤ ሲደርቅ ይሰበራል።
እጄ ጽሕፈት እንጂ ቋጠሮ አያውቅም ነበርና
ሁለቴ ፈታሁት።