ዳግም

ሽምብጥ ከውሃው ዳር፣ ደንገሉ ሲያበቃ፣
ሁለት ጋን ነበረ፣ መሐላቸው መቃ።
እኔ ውሃ ቀያሪ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣
የባልዲ እጀታ ያሰመረው እጅ፤
አንጓች ከእሳቱ ጎን፣ በርጩማ ተቀምጣ፣
ጠብታ ትሰማለች፣ ወሬዋን አቋርጣ።

ጌሾው ከዘጌ ነው፣ ታንኳ ያመጣችው፣
ዳጉሳው ከሜጫ፣ ቆንጥራ የቀመሰችው፣
ብቅሉን በኮባ ጠቅልላ ያስተኛችው፣
ድፍድፉ ሲያጉረመርም «ዝም በል!» ያለችው።
አምስት ቀን ለፍልፎ በስድስት ሲተኛ፣
«አሁን በቃው» ትላለች፣ ያቺ የእሳት ዳኛ።

ጋኑ ይጣዳል፤ አፉ በሊጥ ይመረጋል፤
መቃው ከዚህ ወደዚያ ይሻገራል፤
በወዲያኛው ጫፍ፣ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ፣
ተቀባዩ ጋን አለ፣ አንገቱን ቀብሮ።

«ምንውዬ! ውሃ!»
ገንዳው ለብ ሲል እኔ ቁልቁል እሮጣለሁ፣
ጣናን በባልዲ፣ ጣናን በባልዲ እቀዳለሁ።
እንፋሎት በመቃው፣ በጨለማ ሲሄድ፣
ከኔ ብርድ ይደርሳል፤ እዚያ ነው የሚወርድ፤
ጠብ።
ጠብ።

የፊት የፊቱን ከአጥሩ ስር ትደፋለች፣
«ዓይን ይወስዳል፤ ለጠላትም አልሰጥ» ትላለች።
ቀጥሎ ያለው ተራ ነው፣ ገበያ የሚወጣው፣
ደቦ የሚያሞቀው፣ ከለቅሶ መልስ የሚጠጣው።
የአንጓች ስም የሚነሳው ግን በዳግሙ ነበር።

ተራውን መልሳ ከጋኑ ገልብጣ፣
ከአጥሯ ጥግ አሪቲ በጤዛ ሸምጥጣ፣
በዓል ሲሆን ቤቱ የሚጎዘጎዘውን፣
ኮረዳ ከጆሮዋ ኋላ የምትሰካውን፣
ሲያሸቱት ወዳጅ፣ ሲቀምሱት የሚያንገሸግሸውን፤
እንስላል ያፈራ፣ ከነዘለላው፣
ኮረሪማ ሰባት፣ ተሰንጥቆ ገላው፣
የሎሚ ልጣጭ፣ ነጩ ሳይነካው፤
«ነጩ ሌላ ምሬት ነው፤
ምሬትም ወገን አለው፣ አታደባልቀው።»
ከወረደ በኋላ ለጋ ቅጠል ጨምራ
ሦስት ሌሊት ታሳድረዋለች፤
አረንጓዴ ይሆናል፣
ክረምቱ ጭቃውን ሲያወርድ፣ በኅዳር፣
ሐይቁ እንደሚሆነው።

አንድ ቀን ፋርማሲስቱ አቶ ጥጋቡ መጣ፣
ደብተርና እርሳስ ከኪሱ አወጣ።
«አሪቲው ስንት ግራም?»
«እስኪበቃው።»
«እሳቱስ ስንት ሰዓት?»
«እስኪበቃው።»
ደብተሩን አጠፈ፤ አንድ መለኪያ ጠጣ፤ ደገመ፤
«በቃኝ» አለ።
«ይኸው ገባህ» አለችው።

እሷ ግን አትቀምስም።
ስለት አለባት ይላሉ፤ አባቷን ያነሳሉ፤
ራሷን ከጠየቁ፣
«አናጢ በር ይበላል?» ብላ ትስቃለች።
ጣቷን ነክራ ክብሪት ታስጠጋለች፣
ሰማያዊ ነበልባል ጥፍሯ ላይ ትቆማለች፤
ቢጫ ከነካት፣
«መልሰው» ነው።

አሁን ጋኑ የኔ ነው።
ቴርሞሜትር ገዛሁ፣ የብረት ክዳን አሠራሁ፣
አሪቲውን፣ እንደ ጥጋቡ፣ በሚዛን ለካሁ።
ባለፈው ጥቅምት፣ አልጋ ላይ ሳለች፣
ዓይኗ ፈዞ፣
«እስኪ አምጣው» አለች።
በማንኪያ ጫፍ ሰጠኋት፤
በሰማንያ ሁለት ዓመቷ፣ የመጀመሪያዋን ጠብታ።
ምላሷ ላይ አዞረችው።
ኮርኒሱን አየች።
እኔ ፈተና እንደሚታረምለት ተማሪ ቆሜያለሁ፤
አሪቲውን ትል ይሆን? ሎሚውን? እሳቱን?

«ምንውዬ፣
ገንዳው ሞቆብሃል።»

እውነቷን ነው።
ያን ቀን ስልክ ተደውሎልኝ፣ ወሬ ይዞኝ፣
እጄን ከገንዳው ብከት ለብ ብሏል፤
«ምን ይሆናል» ብዬ ተውኩት።
ማንም አላየኝም ነበር።

ባልዲውን አንስቼ ቁልቁል ወረድኩ።
ደንገሉ የነበረበትን እምቦጭ ሞልቶታል፤
በክንዴ ገፋሁት።
ከስሩ ጣና አለ፣
እንደ ድሮው ቀዝቃዛ።