አራት ጊዜ «ሉክ»

ፑንታ አሬናስ ነፋሱ ሰው ይገፋል።
ቢሮዬ ከወደቡ በላይ ነው፣ ደረጃው ሲያልቅ፤
አንድ ማሞቂያ፣ አንድ ማኅተም፣ ሁለት ወንበር።
ከእንግሊዝኛ ወደ ስፓኒሽ እተረጉማለሁ፦
የሱፍ ደረሰኝ፣ የመርከብ ዋስትና፣ የሞተር መመሪያ፤
አንገታቸውን ደፍተው ገብተው
አንገታቸውን ደፍተው የሚወጡ ቃላት።

ማክሰኞ ግን ዶኛ ኡባልዲና ደረጃውን እየቆጠሩ ወጡ፣
ወንበሩን በእጃቸው ዳብሰው ተቀመጡ፣
ከብስኩት ቆርቆሮ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«የአባቴ ነው። ስኮትላንዳዊ በግ ሸላች ነበር።
ለእናቴ፣ በማታውቀው ቋንቋ ጻፈላት።
ለማስነበብ አፈረች፣ ለመጣል ሳሳች፣
ለእኔ አውርሳኝ ሞተች።
እኔም ዓይኔ እያየ ሰባ ዓመት ፈራሁት፤
አሁን ዓይኔ ጨለመ፣ ፍርሃቴም አብሮት ሄደ።
በይ አንብቢው።»

ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠጋሁት።
ስምንት መስመር፣ በእርሳስ፣ ግማሹን እርጥበት የላሰው።
በስምንቱ መስመር አንዲት ቃል አራቴ ትመላለሳለች፤
«ሉክ» ትላለች፣ ደግማ «ሉክ» ትላለች፤
መልክም እሷ ናት፣ መመልከትም እሷ፤
ወንድማማቾች በአንድ ካፖርት እንዳደጉበት ቤት፣
አንዱ ለብሶ ሲወጣ ሌላው በር ላይ ይጠብቃል።
ስፓኒሽ እንዲህ አይሆንለትም፤ ለእያንዳንዱ ልብስ ይሰፋል።

«ከመሸለቻው ማዶ አየሁሽ» ይላል፤
ይህች ቀላል ናት፤ ሚራር አልኳትና አለፍኩ።
«መርከቡ ሊነሣ ሲል በወደቡ ፈለግኩሽ»፤
ይህችም ያችው ቃል ናት፣ ጭራ ብቻ ቀጥላለች፤
ቡስካር አልኩ፤ ስላት ግን ጥርጣሬ ያዘኝ፦
ፈልጎ ነው ያጣት፣ ወይስ ቆሞ አይቶ ብቻ?
ጭራዋ ትንሽ ናት። ሰው በትንሽ ጭራ ይሸሸጋል።
«ልጅቷ እኔን ትመስላለች አሉኝ»፤ ፓሬሰር።
ዶኛ ኡባልዲና ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ነኩ፣
የሰው ዕቃ እንደሚነካ፣ በቀስታ።

አራተኛዋ ላይ ሳልደርስ
አንድ ሌላ ቃል መንገድ ዘጋብኝ።
«አንቺ ፕሌይን ነሽ» ይላታል እናታቸውን፣
«እኔም ሌላ ፊት አይቼ አላውቅም።»
ፕሌይን፦ መልከ ጥፉ ማለት ነው። ያላጌጠች ማለት ነው።
ደግሞም ሜዳ ማለት ነው፤ ይኸው ከከተማው ጀርባ
ዛፍ የሌለው፣ በግ ብቻ የተበተነበት፣
ነፋሱ ምንም ሳይይዘው የሚጋልብበት።
ብዕሬን አነሣሁ። አስቀመጥኩ። ማሞቂያው ተንጣጣ።
«ፌያ»፣ አስቀያሚ፣ ብላቸው
ሰማንያ ዓመት የተቀመጠ ድንጋይ በእጄ ይወረወራል፤
ቆንጆ ብላቸው በሐሰት ላይ ማኅተም እመታለሁ።
«ምነው ዝም አልሽ?» አሉ። «ክፉ ቃል ነው?»
«ያና» አልኩ፤ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፤
ሜዳም ነው፣ ገራገርም፣ ያልተሸፋፈነም።

ሳቁ። ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ።
«እውነቱን ነው! እናቴ ቆንጆ አልነበረችም።
ሜዳ ላይ ግን የሚመጣ ሰው ከሩቅ ይታያል፤
የሚሄድም» አሉ፤ ሳቃቸው እዚያው ቆመ።

አራተኛዋ «ጠብቂያት» ናት፤ ኩዊዳላ።
ቃል በቃል ብትወሰድ ግን «ከኋላዋ እዪ» ትላለች።
ይህን አልነገርኳቸውም።

ሒሳብ ጠየቁ፤ ቅናሽ ብል ተቆጡ፤
የስምንቱንም መስመር ከፈሉ።
ወረቀቱን በእጥፉ መልሰው፣ ቆርቆሮውን ከድነው፣
ባርኔጣቸውን በአንድ እጅ ይዘው
ደረጃውን ወደ ታች መቁጠር ጀመሩ።
እኔም በሩን ሳልዘጋ፣ ብርዱ እየገባ፣
አርባ ሁለት እስኪሉ ድረስ ከኋላቸው አየሁ።