በአንድ ጎን የታየች

ድሬ ላይ አንቱታ የለም፤ ሮብሌን «አንተ» እለዋለሁ፣
ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እኔ ሠላሳ አልሞላሁ።
ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት፣ ከተማው በሩን ሲዘጋ፣
ገንደቆሬ፣ ጓሮው ገብቼ፣ ከእንጨት አቧራው ጋ፣
ክር በመርፌ አሾልካለሁ። የሱ ዓይን ደክሟል፤
ጣቱም ይንቀጠቀጣል፣
መላጊያ ሲይዝ ግን፣ አላህ ይወቀው፣ ቀጥ ይላል።

እንጨቱ የሦስተኛ ማዕረግ ወንበር ነው፣
አርባ ዓመት በባቡሩ አናጢ ቤት ሲጠግነው የኖረው፤
አሮጌው ሲጣል በኪሎ ገዝቶ በጋሪ ያስመጣው።
የስንቱ ወሬ፣ የስንቱ ጫት፣
የስንቱ ኮንትሮባንድ የተቀመጠበት ጣውላ
በመጋዝ እንደ ወረቀት ሳስቶ፣ በእንፋሎት ጎብጦ፣
አሁን ሰምቡቅ ይሆናል፤ በምላጭና በኮላ።

የድሬ ፀሐይ ለመርከብ አታዝንም፤
ሌሊት የገጠመውን ቀን ታላቅቀዋለች።
ቀጭ፣ ቀጭ፤
ጓዳ ውስጥ የገባች አይጥ ትመስላለች።
እንደ ታመመ ልጅ እርጥብ ፎጣ አልብሷት ያድራል፣
ማለዳ ገልጦ በአውራ ጣቱ ይዳስሳታል፦
«የባሕር ነገር ደረቅ አገር ሲያድር ያመዋል።»

የሰፈር ልጆች በአጥር ሥር አንድ ጥያቄ አላቸው፦
«ትንሳፈፋለች?»
«ደቻቱን ጠይቁት» ብሎ ያባርራቸዋል።
ደቻቱ አሸዋ ነው፤ ፍየል ይሻገረዋል፣ ኳስ ይጫወቱበታል፤
የመጣ ቀን ግን
ሳይጠየቅ ይመልሳል።

ለሸራዋ አቡጀዲ በሻይ ቅጠል ቀቅለን
ከሽርጡና ከሸሚዙ መሐል አሰጣነው።
«የሰምቡቅ ሸራ ነጭ አይደለም» አለኝ፣ «ጨው የጠጣ ነው።»
ክሩን በሰም አሸሁለት።
ሰሙ እጄ ላይ ቀረ፤ ወርቁን ገና አልነገረኝም።

አንድ ክረምት ሙሉ ቀኝ ጎኗን አለበሰ፤
ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ አሥራ አንድ ጣውላ፣
መሐሉ ፀጉር የማያስገባ።
ከዚያ መሮውን ጠረገ፣ ዘይት ቀባ፣ በጨርቅ ጠቀለለ።
ግራዋ ባዶ ነው። የጎን አጥንቷ ይቆጠራል፣
ጅብ በልቶ የተወው ግመል።

«ጣውላ አለቀብህ?»
አላለቀም፤ ከአልጋው ሥር አንድ ሙሉ ወንበር አለ።
«ጉልበት አነሰህ?»
ሻዩን ጨለጠ። ብርጭቆውን ደፋው።

«እናቴ ዳሃቦ» አለ፣ «ዘይላ፣ ባሕር ዳር፣ እኔን በሆዷ ይዛ ቆማ ነበር።
አባቴ ወደ ዓደን ሲሄድ
ሰምቡቋን ያየቻት በቀኟ በኩል ነው።
የዚያን ጎን አላየችም። የነገራትም የለም።
ያልታየ ነገር እንዴት ልሥራ?
አናጢ ነኝ፣ ሐሰተኛ ምስክር አይደለሁም።»

ነገር ላስቀይር ብዬ፣
«ልኳስ? አንድ ለስንት ነው?» አልኩት፤
የባቡር ሰው ነውና ልክ ይወዳል።

ክንዱን ወደ ግድግዳው ዘረጋ።
አንድ ዓይኑን ጨፈነ።
አውራ ጣቱንና ትንሿን ከፈተ።
«መጀመሪያ ቤት ታህል ነበር አለችኝ። ከዚያ ግመል።
ስትርቅ ጊዜ በእጇ ለካቻት፦
አንድ ስንዝር ስትሞላ
እንባ መጣባት፤
ጠርጋ ስታይ የለችም።
ስንዝሯን በሲባጎ ወስጄ ነበር፣ ሳትሞት፤
ከኔ በአንድ ጥፍር ታጥራለች።
እኔ አላሳነስኳትም።
ልኳ ይኸው ነው።»

ቁም ሳጥኑ ላይ አቆምናት፤
ቀኟን ወደ ሰው፣ ግራዋን ወደ ግድግዳ።
አንድ ክር ቀርቶ ነበር፣ የመሪዋ፤
ሰም ሳላስነካው አሰርኩት።

ውጭ አሥር ሰዓት ሆኗል፣ ሱቆች ይከፈታሉ፣
የባጃጅ ጡሩምባ ጀምሯል።
ሮብሌ ክንዱን እንደ ዘረጋ ነው፤
ስንዝሩን አላጠፈም።