ባዶው

በሃይፎንግ ወደብ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
ሁለት ሜትር ወርድ፣ አልጋ ባግድም የማይገባ፤
ያምና ካላንደር ገልብጦ፣
ኪየም ቤት ይስላል ከወለል ተቀምጦ።
ደረጃው ሲወጣ ማድቤቱን ይበላል፤
ማድቤቱ ሲሰፋ ብሎኬት ይጎድላል።

«ግራም ቀኝም የሰው ግድግዳ፤
መስኮቱን የት ልትሰቅለው ነው?» አለች ሉየን።
እርሳሱን ነጠቀች። የእንግዳ ክፍሉን ሰረዘች፣
መሐሉ ላይ ክብ አዞረች፣
ጻፈችበት፦ ባዶ።
ከምድር እስከ ጣራ።

ግንበኛው ሳቀ፦ «ሲሚንቶ በዚህ ዋጋ፣ ለቀዳዳ ይከፈላል?»
ተከፈለ። ሞተር ሳይክሉ ተሸጠ፣
ሦስተኛው ፎቅ ወረቀት ላይ ቀረ።

አሁን እኩለ ቀን ላይ፣ ለሩብ ሰዓት ብቻ፣
ፀሐይ በቀዳዳው ትወርድና
ያልታጠበ ሳህን ላይ ትቀመጣለች፤
ክፍል እንዳልተሠራላት እያወቀች።

ሲዘንብ ደግሞ አማትየው ባልዲ ይዘው፦
«ይሄስ ፕላኑ ላይ ነበር?»