ምሬት በባልዲ

የድሬ ልጅ ነኝ፤ ኪኒን አይጠፋኝም፣
ሶሃር ቢበቅልም ስሙ አይቀየርብኝም።

ከመስጊዱ አጥር ሥር ፍሬውን ለቅሜ፣
ወቅጬ፣ ዘፍዝፌ፣ በሻሽ አጣርቼ፣
ፀሐይ እንዳትሽረው ምሽቱን ጠብቄ
ቲማቲሙን ረጨሁ፣ ቅጠል ገልብጬ፤
ነጩ ዝንብ ከሥር ነው የሚተኛ።

ሳሊም በማግስቱ ቅጠል እያየ፣
«ነጂሃ፣ ይኸው አለ! አንድም አልሞተም!»
ራስ ቅል የተሳለበት ጠርሙስ ናፈቀው፣
አምና ንቦቹን የጨረሰው።

«ይህ ቶሎ አይገድልም» አልኩት በሰባራ ዐረብኛ፣
«ምግቡን ያስጠላዋል፣
ቆዳ መቀየር ያስረሳዋል፣
ገበታ ላይ ተቀምጦ ይራባል።»

አልገባውም።
እኔም በወጉ የገባኝ ማታ ነው፦
ሦስቴ በኦሞ ታጥቤ
ሩዙን ብጎርስ
ጣቴ መረረኝ።
ሳህኑን ገፋሁት፣
እንደሞላ።